ላባ እስኪያወጡ

እናቴ ላባ ያለው ነገር ትፈራለች። ንስርና ጭልፊት ማለቴ አይደለም፤ እነሱንማ ማን አይፈራም። መስኮታችን ላይ አንዲት እርግብ ካረፈች እናቴ መቀሷን እንደያዘች ተነስታ ከክፍሉ ትወጣለች፤ እርግቧ በራሷ ጊዜ እስክትሄድ ድረስም ሥራ የለም። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ብትኖር እንኳ ትጠብቃለች። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት፣ ብርዱ ሊገባ ሰሞን፣ ጎኑ የተበሳሳና ውስጡ የሚንጫጫ ካርቶን ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ በር ላይ ስትቆም ያየች የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታስባለች? እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ አብዳለች።

«ዞር በይ፣ ዞር በይልኝ፣ እንዳይዘሉብኝ!» እያለች አጠገቤ አለፈች። ሳሎኑን አቋረጠች፣ የስፌት መኪናዋን አለፈች፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለውን የአያቴን ክፍል በር በክርኗ ገፍታ ገባች።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ደረታቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ነው እናቴ «ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም» ብላ በግድ ያመጣቻቸው። በግድ ስል የምሬን ነው። ከመጡም በኋላ ሻንጣቸውን አልፈታም ብለው፣ ሸሚዛቸውን ከሻንጣ እያወጡ ይለብሱ ነበር። «ለጥቂት ቀን ነው የመጣሁት» ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ። ጠዋት ጠዋት በግድግዳችን ላይ መዳፋቸውን እያሳለፉ «ይሄን የገነባው ሰውዬ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው ሥራ የገባው» ይሉና ለብቻቸው ይስቃሉ። እኔን «አፈ ጉባኤ» ነበር የሚሉኝ፤ ወሬ ስለማበዛና ማንም ዕድል ሳይሰጠኝ ስለምናገር።

ክፍላቸው ፀሐይ የማይዞርበት የጓሮ ክፍል ነበር። ሌላ ቢኖረን እናቴ ሌላውን ትሰጣቸው ነበር፤ አልነበረንም። ገና በመጡ ሰሞን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝታ አልጋቸው ሥር አስቀመጠችላቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሞቂያው የኔ አልጋ ሥር ነው። እናቴ ትመልሰዋለች፤ ሲመሽ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስትሰጣቸው ብርድ ልብሱ እኔ ላይ ያድራል። እኔ በላብ ተጠምቄ እነቃለሁ፣ እሳቸው ኮታቸውን እንደለበሱ ተኮራምተው ያድራሉ።

«አባዬ፣ ማሞቂያውን ለምን ያወጡታል?» ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ሙቀት ለልጅ ነው። እኔ በውርጭ ሲሚንቶ ሳቦካ የኖርኩ ሰው ነኝ። በስተርጅና ልቀማጠል?»

እኔም አመንኳቸው። ሽማግሌ ሰው እንደ ድንጋይ ብርድ የማይሰማው ይመስለኝ ነበር። ያ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማኝ ሳላቸውም ሽማግሌዎች ሁሉ የሚያወጡት ድምፅ ይመስለኝ ነበር እንጂ ሕመም ነው ብዬ አላስብም።

ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ከኛ በላይ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ጋዋኗን ልታስጠብብ መጥታ ነበር። እኔ ከስፌት ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ወለሉ ላይ የወደቀ መርፌ በማግኔት እለቅማለሁ፤ በዚያ ቤት የኔ ሥራ እሱ ነበር። ከላይ ንግግር ይሰማኛል፣ የሚታየኝ ግን እግራቸው ብቻ ነው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለች ነርሷ። «የአባትሽ ደረት ሌላ ብርድ አይችልም። ያ ክፍል ሌትም ቀንም መሞቅ አለበት። አለበለዚያ ይሄን ወቅት አይሻገሩትም።»

የእናቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ መሰለሽ? እየነቀሉ ለልጅቷ ይሰጧታል። ብለምን፣ ብቆጣ፣ አፈር ስሆን ብላቸው፣ ወይ ፍንክች! ለልጅ ካልሆነ ሙቀት አያውቁም።»

«እንግዲያው ልጅ ስጫቸዋ» አለች ነርሷ እየሳቀች።

እናቴ አልሳቀችም። መኪናዋም ለረጅም ጊዜ ድምፅ አላሰማችም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት «ልጅ ስጫቸዋ» የሚለውን ብቻ ነው። ለአያቴ ልሰጥ ነው ብዬ ጥቂት ተጨነቅኩ፤ ከዚያ ከእሳቸው ጋር መኖር ምን ያህል ደስ እንደሚል ሳስበው ጭንቀቱ ለቀቀኝ። ካርቶኑ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እኔን ነው።

«አባዬ፣ አደራ» አለች እናቴ፣ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ እየሸሸች። «ሥራ ቀዝቅዟል፤ ጫጩት አሳድጌ ልሸጥ ነው። የኔ ክፍል ክርና ብናኝ ነው፣ ሳሎኑ ሰው ይበዛበታል። እዚህ ካልሆነ የማደርግበት የለኝም።»

«አንቺ? ዶሮ?»

«ምነው፣ ሰው አይለወጥም?»

አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን ከፈቱ። ጫጩቶቹ አንድ ጥግ ላይ ተከምረው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየወጣ፣ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ይጮኻሉ። አያቴ አንዷን አንስተው እግሯን ጉንጫቸው ላይ አደረጉት።

«ምን ጉድ ነው! በርዷቸዋል እኮ!» ብለው እናቴ ላይ ጮኹባት። «እነዚህን የመሰሉ ሕፃናት በዚህ ብርድ እያንከራተትሽ? የት አለ ማሞቂያው? አፈ ጉባኤ፣ ሩጪ!»

ሮጥኩ። ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አመጣሁት። አያቴ በገዛ እጃቸው ሶኬቱን ሰኩት፤ ሽቦው እየቀላ ሲሄድ አቧራ የሚቃጠል ሽታ ክፍሉን ሞላው። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በሩን ተደግፋ ቀረች። ጫጩቶቹን ፈርታ ነው አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አያቴ ሥራ ያዙ። ከአናጢው ሰጋቱራ አስመጡ፤ እኔን ደግሞ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሄጄ የፍሪጅ ካርቶን እንድለምን ላኩኝ። ካርቶኑን በሰፊው ቀደው ክብ አጥር ሠሩበት። ለምን ክብ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ማዕዘን ካለው፣ ሲበርዳቸው ማዕዘኑ ውስጥ ይከመሩና የታችኞቹ ታፍነው ይሞታሉ» አሉኝ። ከዚያ ራቅ ብለው ሥራቸውን አዩና ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ማዕዘን ሳቃና ኖሬ፣ በመጨረሻ ማዕዘን የሌለው ቤት ሠራሁ!»

ከአጥሩ መሐል በላይ የቆርቆሮ ቆብ ያጠለቀ አምፖል በገመድ ከጣሪያው አንጠለጠሉ። ገመዱ ሲሳብ አምፖሉ ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ዝቅ። ማሞቂያው ደግሞ ክፍሉን ያሞቃል። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ አድርገውኝ እንዲህ ሲሉ አስተማሩኝ፦

«ስንት ዲግሪ ነው ብለሽ አትጨነቂ፤ ራሳቸው ይነግሩሻል። ከአምፖሉ ሥር ተሰብስበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ዳር ዳር ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ክንፋቸውንም ከጎናቸው ካራቁ ሞቋቸዋል። እንደ እረፍት ሰዓት ተማሪ እዚህም እዚያም ተበታትነው ከበሉ፣ ከጠጡ፣ ካንቀላፉ ግን እሰየው ነው። እናቴ በእጇ ጀርባ ነበር የምትለካው። እኔ እጄን ሲሚንቶ በልቶታል፣ አይሰማም፤ ስለዚህ በዓይኔ እለካለሁ።»

ጫጩቶቹን ወደድኳቸው፣ አልዋሽም። ግን ነገሩ ቅር ብሎኛል። አያቴ እንግዳ ናቸው። እንግዳ ባለበት ክፍል ዶሮ አይገባም፤ ሰገራ አይሸትም፤ እንግዳ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ውሃ አይለውጥም። እናቴ አባቷን የዶሮ ዘበኛ አደረገቻቸው ብዬ ደመደምኩ። ለክፍል ጓደኛዬ ስነግራት እሷም «ምስኪን!» አለች፤ በቃ፣ ፍርዱ ጸና።

በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። እናቴ በየሰበቡ ትገባለች። መቀስ ረስታ፣ ክር ፈልጋ፣ እኔን ጠርታ። ስትወጣ የማሞቂያው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ዞሯል። አያቴ ጫጩቶቹን ያያሉ፤ ጫጩቶቹ ጥቂት ቆይተው ዳር ዳር ይሸሻሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ። አያቴ በምርኩዛቸው ጫፍ ቁልፉን መልሰው ወደ ግራ ያዞሩታል። ስፌት መኪናዋ ጠጠጠጥ ማለቷን ስታቆም እናቴ እየመጣች መሆኑን አውቃለሁ፤ ትገባለች፣ ቁልፉን ታያለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ወደ ቀኝ። አንድ ጊዜ በፕላስተር ጠቅልላው ሁሉ ነበር። አያቴ ፕላስተሩን ልጠው ቁልፉን አዞሩና ፕላስተሩን መልሰው ለጠፉት። እኔ አልጋቸው ላይ ተቀምጬ በልቤ አጨበጭባለሁ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ አንዳንዴም ሆዴን ያባባዋል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ሙቀት ይጣላሉ፣ አንዳቸውም ለራሳቸው አይደለም። እናቴ ለአባቷ ከፍ ታደርጋለች፤ አያቴ ለጫጩቶቹ ዝቅ ያደርጋሉ። ያኔ ግን እናቴ በሙቀት አማርራ ልታስወጣቸው የፈለገች ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአያቴ ሳል አላቆም አለ። እናቴ የምትለካውን የተማሪ ደንብ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ ሮጣ መጣች። ገብታ መጀመሪያ ያየችው እሳቸውን አልነበረም፤ ቁልፉን ነበር።

«ማነው የቀነሰው?»

«እኔ ነኛ። ማን ይሆናል?»

«አባዬ፣ በሞቴ አይንኩት! ጫጩቶቹ ያልቃሉ!»

«የሚያልቁትማ በሙቀት ነው!» ተቆጡ። «ነይ፣ ቀረብ በይ፣ አይበሉሽም። ክንፋቸውን እዪ። ይሄ የአንድ ቀን ጫጩት ሙቀት ነው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ይሄዳል። ላባ ሲያወጡ ጨርሶ ይጠፋል።»

«ጨርሶ?» አለች እናቴ።

«ጨርሶ። ታዲያ ሸምግለው እስኪሞቱ ልታሞቂያቸው ኖሯል?»

የእናቴ ፊት ሲቀየር አየሁ። ቀጥ ብላ ቆመች፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ልብስ ደጋግማ አጣጥፋ ወጣች። የማታውቀውን ስላሳወቋት አፍራ ነው አልኩ፤ ይበላት አልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ራሷ ነገረችኝ። እሷ ጫጩት ማለት ዶሮ እስኪሆን ድረስ፣ ዶሮ ከሆነም በኋላ፣ ሙቀት የሚፈልግ ይመስላት ነበር። በዚያች በአንድ ካርቶን አባቷን ብርዱን በሙሉ ልታሻግራቸው አስባ ነበር። ብርዱ ገና መጀመሩ ነው፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ክንፋቸው ጫፍ ላይ ላባ ማብቀል ጀምረዋል። «ላባ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም» አለችኝ።

እናቴ ግን በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ካርቶን ይዛ ገባች።

«ደግሞ?» አሉ አያቴ።

«ባለዶሮው ግድ የለም ውሰጂ ብሎኝ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «የአንድ ቀን ናቸው፤ ብዙ ሙቀት ይፈልጋሉ አይደል?»

«የአንድ ቀን ከሆኑማ ይፈልጋሉ።»

ባለዶሮው ጫጩትና መኖ በሞተር ሳይክል እያዞረ የሚሸጥ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነበር። የፊተኞቹ ጫጩቶች ወደ ኮሪደሩ ወጡ፣ አዲሶቹ አጥሩ ውስጥ ገቡ፣ አምፖሉ እንደገና ዝቅ አለ፣ ማሞቂያው እንደገና ከፍ። እነዚያም በፈንታቸው ላባ ማውጣት ጀመሩ፤ ሦስተኛ ካርቶን መጣ። ያን ጊዜ አያቴ ካርቶኑን ከእናቴ እጅ ተቀብለው ክዳኑን እየከፈቱ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ» ብለው ፈገግ አሉ።

«ማን ነው ዶሮዋን ያታለላት?» አልኩ።

«ዝም በይ አፈ ጉባኤ፣ ስብሰባው ተዘግቷል።»

ስለዚያች ተረት ከእናቴ ጋር ዛሬም እንከራከራለን። እሷ አያቴ ነገሩን ከመጀመሪያው ካርቶን ጀምሮ ያውቁ ነበር ትላለች። እኔ የነቁት በሦስተኛው ነው ባይ ነኝ። የምናውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ አውቀውም ከሆነ ምንም እንዳላሉ ነው። እሳቸው እያወቁ ዝም ካሉ፣ ከእናቴ ይልቅ ብልጡ እሳቸው ነበሩ ማለት ነው፤ ለጫጩት የተባለውን ሙቀት ለመሞቅ ማንንም ማመስገን አያስፈልግም።

ቤታችን ያን ጊዜ የሰው ቤት አይመስልም። ሰጋቱራ ከምንጣፉ ሥር ይወጣል፣ ከጫማችን ውስጥ ይወጣል፣ ከደብተሬ ገጾች መሐል ይወጣል። ላባ ያወጡት ዶሮዎች ኮሪደሩን ሞልተው ወጥ ቤት ይገባሉ። አንዷ በተለይ የስፌት መኪናዋ ላይ መውጣት ለምዳ፣ እናቴ መጥታ ባየቻት ቁጥር እሪ ብላ ወደ ደረጃው ትሮጣለች፤ እኔ አባርሬላት ስጠራት አመድ መስላ ትመለሳለች። ሰፈሩ «ዶሮ ያሳበዳት» ይላት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሷ አልሰማችም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ከረጅም መንገድ ሲመለስ በሩን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ መልሶ ዘጋና የቤቱን ቁጥር አነበበ። እናቴ ወደ መኝታ ቤት ወስዳው አንሾካሾከችለት። ሲወጣ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተጨማሪ ሰጋቱራ ሊያመጣ ሄደ። እሱም አበደ አልኩ።

ነርሷም ማዳመጫዋን ይዛ አልፎ አልፎ ትወርዳለች። የአያቴን ጀርባ እያዳመጠች «ጫጩቶቹ እንዴት ናቸው አባባ?» ትላቸዋለች።

«ከኔ ይሻላሉ።»

«እርስዎም ተሻሽለዋል። ምን ተገኘ?»

«ምን ይገኛል፤ ሥራ ነው ሰውን የሚያድነው።»

ነርሷ እናቴን በዓይኗ ጠቀስ አድርጋ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለቻት። ተረቱን አላውቀውም ነበርና ዛሬ ዶሮ ሊታረድ ነው ብዬ፣ እስክተኛ ድረስ መጥረጊያ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ዘብ ቆምኩ።

በዚያው ሰሞን አያቴ አንዲት የታመመች ጫጩት ለይተው የሚያስተኙበት ቦታ አጥተው ሻንጣቸውን ባዶ አደረጉት። ሸሚዞቻቸውን አውጥተው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደሩ፣ ሻንጣው ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ጫጩቷን አስተኟት። እናቴ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሸሚዞቹን አይታ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ጫጩቷ ድና ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች፤ ሸሚዞቹ ግን ወደ ሻንጣው አልተመለሱም።

ብርዱ የባሰበት ሳምንት ባለዶሮው ያደጉትን ዶሮዎች ሊወስድ መጣ። ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ተለውጦ፣ እናቴ ከደጅ የዛቀችውን በረዶ በድስት እያቀለጠች ዕቃ ታጥብ ነበር። የአያቴ ክፍል ውስጥ ያሉት የመጨረሻዎቹም እንኳ ላባቸው ሞልቶ፣ አጥሩን እየዘለሉ መውጣት ለምደዋል። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ተቀበለችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አዲስ አምጥተህልኛል አይደል?» አለችው።

እሱ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አያውቅም።

«የለም እትዬ! ማስፈልፈያው ተዘግቷል፤ ብርዱ ሳያልፍ እንቁላል አያስገቡም።»

«አንድ ካርቶን እንኳ?»

«አንዲት ጫጩት እንኳ! በዚህ ብርድ እንኳን ማሽኑ፣ ራሷ ዶሮዋም አትታቀፍም!»

እናቴ ክንዱን ይዛ ልታስቆመው ስትሞክር እሱ ሣጥኖቹን ተሸክሞ ቀጥታ ወደ አያቴ ክፍል ገባ። ገብቶም ቆመ። ግንባሩን ጠረገ።

«ኧረ! እነዚህማ እንደኛ ለብሰዋል! አባባ፣ ታዲያ ይሄ ማሞቂያ ለማን ነው የሚነደው?»

እናቴ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ማየት ጀመረች። አያቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልክ ነህ፤ አድገዋል» አሉ።

አንድ በአንድ እየያዙ አቀበሉት። «ይቺ ተናካሽ ናት፣ ተጠንቀቅ። ይሄኛው ሰነፍ ነው፣ ሲተኛ ነው ያደገው።» የመጨረሻዋን ከሰጡት በኋላ ጎንበስ ብለው የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞሩት። የቀላው ሽቦ ቀስ እያለ ጠቆረ። ባለዶሮው ተሰናብቶ ወጣ፤ ሞተር ሳይክሉ ከነጫጫታው እየራቀ ሄደ።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ጦርነቱ አለቀ፣ አሸነፍን። የካርቶኑን አጥር ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ «አባባ፣ ክፍልዎ ተመለሰልዎት!» እያልኩ ዘለልኩ።

እሳቸው አልዘለሉም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ኮታቸውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡት። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ጊዜ አይፈጅበትም፤ የሞቀው የሰጋቱራ ሽታ ወዲያው ጠፋ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ አትገባም፣ አትወጣም። አሁን ያን ፊቷን ሳስታውስ ምን እንደነበረ ይገባኛል። ሰበቧ አልቋል። የቀራት መለመን ነው፣ ለምና ደግሞ አይታዋለች። የብርዱ አጋማሽ ገና አላለፈም።

«አባዬ...» አለች።

አያቴ ባዶውን ወለል ሲያዩ ቆዩ።

«አሁን ደግሞ ምን ልታመጪ ነው?» አሉ። «ዳክዬ?»

እናቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁም፤ ዛሬ ብትጠየቅ እሷም አትለየውም።

«ዳክዬ ከተገኘ... ዳክዬም ቢሆን» አለች በተቆራረጠ ድምፅ።

«አይ አንቺ ልጅ» አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እሷ ሳያዩ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተናገሩ። «እነሱ ላባ አወጡ። እኔ እንግዲህ አላወጣም። በርዶኛል ልጄ። አብሪው።»

እናቴ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከች። ስንት ጊዜ ያዞረችው ቁልፍ እምቢ አላት። ሽቦው ሲቀላ አያቴ «ወደኔ ጠጋ አድርጊው» አሉ። ቀጥለውም «ሌላ ብርድ ልብስ ካለ አምጪልኝ» አሉ። ያን ብርድ ተሻገሩት፣ ከዚያ በኋላ የመጡትንም ብዙ ብርዶች፤ ማሞቂያው ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ አልጋ ሥር ተገኝቶ አያውቅም።

እኔ ግን ካርቶኑን እንዳቀፍኩ በቆምኩበት እንባዬ መጣ። እንዲህ የተዋጉ ሰውዬ በገዛ አፋቸው አብሪው ሲሉ ሰማኋቸው።

«አፈ ጉባኤ፣ ምን ሆነሻል?»

«አሸነፈችዎት!» አልኩ እያለቀስኩ።

አያቴ፣ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ የምታለብሰውን እናቴን አዩዋት።

«አዎ፣ አሸነፈችኝ» አሉ፣ ሁለቱን መዳፋቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው።